የዶሮዋ ደምና የመሠዊያው ደም

የአንባብያን ጥያቄ እና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መምህር። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሰነበተና እናቴ ጎረቤት መክሯት ገብስማ ዶሮ ገዝታ መጣች። በራሱ ላይ አዙራ ልታሳርድ ስትል ተጣላን። «ጭዳ እኮ ባዕድ አምልኮ ነው» ብላት፣ «ክርስቶስስ ጭዳችን ሆኖ አይደል የሞተው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ እሷ ፕሮቴስታንት ናት። «እናትሽ ግማሹን እውነት ነው የተናገሩት፤ እግዚአብሔር አንቺን መቅጣት ሲገባው ልጁን ቀጣልሽ» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ጣና ቂርቆስ ሄዶ፣ የኦሪት ካህናት የመሥዋዕት ደም ያፈሱበት ነበር የሚባል ድንጋይ አይቶ መጥቷል። ሁሉም ተደበላለቀብኝ። እግዚአብሔር ይቅር ለማለት ደም ምን ያደርግለታል? በነቢያት አፍ «መሥዋዕት አልወድም» ካለ መጀመሪያውኑ ለምን አዘዘ? እናቴስ ልክ ናት ወይ?
ሀ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ቀላል ሰው አይደሉም። የነገረ መለኮት ተማሪዎች ዙሪያውን እየዞሩ የሚሸሹትን ጥያቄ ዶሮ በእጃቸው እንደያዙ ነው ያነሡት።

ከድንጋዩ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። በገዳሙ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመወሰዷ በፊት 800 ዓመት ጣና ቂርቆስ ላይ ቆይታለች፤ አናታቸው ጎድጎድ ያለው የድንጋይ ምሰሶዎችም የኦሪቱ ካህናት ደም ያፈሰሱባቸው ናቸው። አባቶች የሚሉት ይህን ነው፤ እኔ የድንጋይ ዕድሜ ቆጣሪ አይደለሁም። «ከኢየሩሳሌም ውጭማ እንዴት ይሠዋል?» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ግን፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 12 በእርግጥ አንድ የተመረጠ ቦታ ብቻ እንደሚያዝ ተቀበዪውና ዓባያችንን ተከትሎ ቁልቁል እንዲወርድ ንገሪው። አስዋን ላይ ኤሌፋንቲን የምትባል የወንዝ ደሴት አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የአይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ሰፍረውባት ነበር፤ የራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው፣ ይሠዉበትም ነበር። በ410 ፈረሰባቸው። እንዲታነጽላቸው ለይሁዳ ገዥ የጻፉት ደብዳቤ በፓፒረስ ላይ ተገኝቷል። የተመለሰላቸው ፈቃድ የእህል ቍርባንንና ዕጣንን ይጠቅሳል፤ የሚቃጠል መሥዋዕት አልተነሣበትም። ሕጉ አንድ ቦታ እያለ በደሴት ላይ መሠዋት እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ከዚህ ታያለሽ።

አሁን ወደ ዶሮዋ። ጭዳ ሲደረግ ማን ለማን እንደሚሰጥ ልብ በይ። ሰው ፈርቷል። የመጣበት ዛር ይሁን የሰው ዐይን አያውቀውም። ዶሮዋን በበሽተኛው ራስ ላይ ያዞርና «ይህቺን ወስደህ እሱን ተውልኝ» ይላል። ሰጪው ሰው ነው፤ ተቀባዩ የተቆጣ ኃይል ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 17፥11ን ግን ግለጪ። የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ነው ይላል፤ ቀጥሎም ደሙን በመሠዊያው ላይ ለነፍሳችሁ እንዲያስተሰርይ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ ይላል እግዚአብሔር። ሰጪው እሱ ነው! ለእናትሽ የምመልሰው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ስለምወደው ግን ታገሺኝ።

የምወደውም የሥጋ ሻጭ ልጅ ስለሆንኩ ነው። አባቴ እዚሁ ከተማ ሉካንዳ ነበራቸው። የብሉይ ትርጓሜ ስንማር ሌሎቹ ዘሌዋውያን ላይ ሲደርሱ ያንቀላፋሉ፤ እኔ የምነቃው እዚያ ላይ ነበር። ብዙ ሰው በጉን የሚያርደው ካህኑ ይመስለዋል። አይደለም። በጉን ያመጣው ሰው እጁን በራሱ ላይ ይጭናል፣ ቢላዋውንም ራሱ ይይዛል። የካህኑ ሥራ የሚጀምረው ከማረዱ በኋላ፣ ደሙን ሲቀበል ነው። የደኅንነት መሥዋዕት ከሆነ ሆድ ዕቃውን የሸፈነው ሞራ፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ከነስባቸው፣ በጉበቱ ላይ ያለው መረብ ይወጣል፤ በግ ከሆነ ላቱም ከጀርባ አጥንቱ ሥር ተቆርጦ ይጨመርና መሠዊያው ላይ ይቃጠላል። ፍርምባው ለአሮንና ለልጆቹ፣ ቀኝ ወርቹ ደሙንና ስቡን ላቀረበው ካህን ነው። የቀረውን ባለቤቱ ከቤተሰቡ ጋር ይበላዋል። ይህን ለአባቴ ሳነብላቸው «ይሄንን የጻፈው ፍርምባ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ነው» አሉኝ። ሲስቁ የነበሩ መስሎኝ ቀና ስል የምር ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለወግ ብዬ አይደለም። መሥዋዕት ሁሉ ስለ ኃጢአት አልነበረም፤ ይኼኛው ከእግዚአብሔር ጋር በአንድ ማዕድ መብላት ነው፤ ቅጣትም ቁጣም የለበትም።

ስለ ኃጢአት የሚቀርበውስ? ጓደኛሽ ያለችው እዚህ ላይ ይፈተናል። እንስሳው በሰውዬው ፈንታ የሚቀጣ ወንጀለኛ ቢሆን ኖሮ ሥጋው ርኩስ ይሆን ነበር። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ግን የኃጢአት መሥዋዕት ሥጋ ከቅዱስ ሁሉ በላይ ቅዱስ እንደሆነ ይናገራል፤ ያቀረበው ካህን በተቀደሰው ስፍራ ይበላዋል፣ የነካውም ይቀደሳል። የተረገመ ነገር እንዲህ አይደረግም።

ደሙ ወዴት እንደሚሄድም ተከታተዪ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተሽ ከሆነ የቤቱን አሠራር ታውቂዋለሽ፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ ከውስጥ መቅደሱ። ያንን በዐይንሽ ይዘሽ ዘሌዋውያን 4ን አንብቢ። ተራ ሰው ሳያውቅ ቢበድል ደሙ በውጭ፣ በአደባባዩ መሠዊያ ቀንዶች ላይ ይቀባል። የተቀባው ካህን ወይም ማኅበሩ በሙሉ ቢበድል ደሙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመጋረጃው ፊት 7 ጊዜ ይረጫል። በዓመት አንድ ቀን፣ በ7ኛው ወር በ10ኛው ቀን፣ ሊቀ ካህናቱ መጋረጃውን አልፎ በስርየት መክደኛው ላይና ፊት ይረጨዋል። በደሉ በከበደ ቁጥር ደሙ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ያዕቆብ ሚልግሮም የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ ዕድሜውን በዚህ መጽሐፍ ላይ ጨርሶ የደረሰበት ይህ ነው፤ ደሙ የሚረጨው በበደለኛው ላይ ሳይሆን በእግዚአብሔር ቤት ላይ ነው። የሕዝቡ ኃጢአት ቤቱን ያቆሽሸዋል፤ ካልታጠበ እግዚአብሔር አብሯቸው አይቆይም። ደሙ፣ ሕይወት ያለበት ስለሆነ፣ ያጥባል። እኔ በበኩሌ ሚልግሮም ሁሉን ነገር በዚህ አንድ ቁልፍ መክፈት ያበዛል እላለሁ፤ ሰውዬው እጁን በራሱ ላይ መጫኑ እንዲሁ አይታለፍም። በዋናው ነገር ግን ትክክል ይመስለኛል።

«ያ ወደ በረሃ የሚለቀቀው ፍየልስ?» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ጭዳን የሚመስል ነገር በኦሪት ካለ እሱ ነው። በስርየት ቀን ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፣ ዕጣ ይጣልባቸዋል። አንደኛው ለእግዚአብሔር ይታረዳል። በሁለተኛው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለቱንም እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ሁሉ ይናዘዝና ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። እንግዲህ አስተውዪ፤ ኃጢአቱ የተጫነበት ፍየል በመሠዊያው ላይ አይቀርብም፣ በመሠዊያው የቀረበው ደግሞ ኃጢአት ተሸካሚ አልተባለም። ሁለቱ ነገሮች ሆን ተብለው ተለያይተዋል። በኋለኛው ዘመን ይህን ፍየል ወስደው ከገደል ይጥሉት እንደነበር የአይሁድ መምህራን መዝግበዋል፤ ዘሌዋውያን ላይ ግን የተጻፈው መለቀቁ ብቻ ነው።

አሁን እግዚአብሔር «ደም ምን ያደርግለታል» ላልሽው አንድ ጥቅስ እሰጥሻለሁ፤ ሰባኪዎች ብዙ አይወዱትም። ዘሌዋውያን 5፥11። በግ የሌለው ሁለት ዋኖስ ያመጣል፤ ዋኖስም ከሌለው የኢፍ መስፈሪያ አንድ ዐሥረኛ፣ ወደ 2 ሊትር ገደማ፣ መልካም ዱቄት ያመጣል፤ ዘይትም ዕጣንም አይጨመርበትም። ካህኑ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ያቃጥላል፤ ሰውዬውም ይሰረይለታል። ዱቄት፣ ልጄ! ጠብታ ደም የለበትም። ወደ ዕብራውያን 9፥22 ያለ ደም ስርየት የለም ሲል እዚያው በደም የሚነጹት «ከጥቂቶች በቀር» ነገሮች ሁሉ እንደሆኑ መናገሩ በከንቱ አይደለም። ደም የተጠማ አምላክ የድሃን ዱቄት አይቀበልም ነበር።

ወሰኑም አለ። ይህ ሁሉ በስሕተት ለተሠራ በደል ነው። እያወቀ፣ እጁን አንሥቶ ለሚበድል ሰው ኦሪት ዘኍልቍ 15፥30 መሥዋዕት አያዝዝለትም። ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ ሚስቱን ሲወስድ ለዚያ የሚሆን በግ በሕጉ አልነበረም። ስለዚህ «መሥዋዕትን ብትወድድስ በሰጠሁህ ነበር» አለ፤ የቀረለት የተሰበረ መንፈስ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምንደግመው መዝሙር 50 ሌላ በር የሌለው ሰው ጸሎት ነው።

የነቢያቱ ነገርም ከዚህ ይያያዛል። ሆሴዕ ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትን አይደለም ሲል፣ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሙክት ስብ ጠግቤያለሁ ሲል የሚቆጡት በግ በማቅረቡ ላይ አይደለም። መበለቷን ቀምቶ በማግስቱ በግ እየጎተተ የሚመጣውን ሰው ነው። ያ ሰው ከእግዚአብሔር የተሰጠውን ነገር መልሶ ለእግዚአብሔር ጉቦ አድርጎታል። ኦሪቱን ወደ ጭዳ መልሶታል ማለት ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉና መሠዊያው ጠፋ። ዮሐናን ቤን ዘካይ የተባለው መምህር የሚያለቅስ ደቀ መዝሙሩን በዚያው በሆሴዕ ቃል እንዳጽናናው ይነገራል፤ አይሁድ ከዚያ ወዲህ በጸሎት፣ በንስሐና በምጽዋት ኖረዋል። ክርስቲያኖች ግን ቤቱ ሳይፈርስም መሥዋዕቱ በአንድ ሰው ተፈጸመ ይሉ ነበር። እንዴት እንዳሉት ነው ነገሩ።

ባለቀ መዝገብ ላይ አንድ ስም አልተኩም። የተለያዩ መሥዋዕቶችን ሁሉ በአንዱ ክርስቶስ ላይ አገናኙ። የፋሲካው በግ የኃጢአት መሥዋዕት አልነበረም፤ በዘፀአት 12 ደሙ በበር መቃንና ጉበን ተቀብቶ ሞት እንዳይገባ ያደረገ፣ ሥጋውም ለመንገደኛ ስንቅ የሆነ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ግን የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ በግ ብሎ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰራቸው። ስቅለት ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንሰግድ፣ በዚያ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ የፋሲካ በጎች የሚታረዱት ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው እንዳለ ብታስቢ ሰዓቱ ሌላ ክብደት ያገኛል። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ደግሞ የስርየቱን ቀን ይወስዳል። ደማቸው ወደ ውስጥ የገባ እንስሳት ቆዳቸው፣ ሥጋቸው፣ ፈርሳቸውም ሳይቀር ከሰፈር ውጭ ወጥቶ ይቃጠል ነበር። ይህ የሉካንዳ ልጅ አፍንጫ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከሰፈር ውጭ የሚጣለው ምን እንደሚሸት። ኢየሱስም ከከተማው በር ውጭ መከራን ተቀበለ ይላል ምዕራፍ 13። ሊቀ ካህናቱ ወደ ውስጥ የሚያስገባውም፣ ከበር ውጭ የተጣለውም አንድ ሰው ሆነ።

ወደ ጓደኛሽ። ባዶ ነገር አልተናገረችም። ኢሳይያስ 53 «የደኅንነታችን ተግሣጽ በእርሱ ላይ ነበረ» ይላል። የእኛው ሰው ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ሆኖ ሲያነብ ፊልጶስ የደረሰበት ክፍል ይህ ነው፤ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው እሱ ነው ብል ከአገር ልጅነት የመጣ ኩራት ይሁንብኝ። ግን ከዚህ ቃል ተነሥቶ አብ ተቆጥቶ ልጁን ደበደበ ማለት ሌላ ነገር ነው። ያ አነጋገር መልክ የያዘው በምዕራብ ነው። የካንተርበሪው አንሰልም በ1098 ሰው ለእግዚአብሔር ክብር ካሳ መክፈል አለበት ብሎ አስተማረ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ተሐድሶ አራማጆቹ ካሳውን ወደ ቅጣት አዞሩት። እኛ የተቀበልነው ከአትናቴዎስ ነው፤ አቡነ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን እሱ ነው። አትናቴዎስ ዘንድ ቃል ሥጋ የለበሰው ሊሞት የሚችል አካል ይዞ ወደ ሞት ገብቶ ሞትን ከውስጥ ሊያፈርሰው ነው። ትንሣኤ ሲደርስ ምን እንደምንል ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን፣ አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም»። የታሰረው ሰይጣን ነው፤ አዳም ነጻ ወጣ። የተቀጣ ልጅ በዚህ ሰላምታ ውስጥ የለም።

ስለዚህ እናትሽን እንዲህ በያቸው፦ እማዬ፣ ጭዳ ብንሰጠውማ ኖሮ ሰጪዎቹ እኛ በሆንን ነበር፤ ሰጪው ግን እሱ ነው። ሌላ አትጨምሪ፤ ልጃቸው ታሞ ለፈሩ እናት ስብከት አይበዛም። ወንድምሽን ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ጠበልም ውሰዱት። ዶሮዋ ካልታረደች ትቁም፣ እንቁላል ትጥላለች።

ጥያቄ፦ ጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤል እስከ ቅርብ ጊዜ በግ ይሠዉ ነበር ይባላል። እውነት ነው?
ከጎርጎራ

መልስ፦ እውነት ነው። ኦሪታቸው በግእዝ ነው፤ የኋለኛውን የአይሁድ መምህራን ትምህርት አያውቁትም ነበርና ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ መሥዋዕት ቀርቷል የሚለው ውሳኔ አልደረሳቸውም። ቄሶቻቸው በጸሎት ቤታቸው ግቢ ይሠዉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መሥዋዕቱን አጥብቀው ነቀፉት፤ ቀስ በቀስ እየቀነሰ የፋሲካው በግ ግን ቀጠለ። ወለቃና አምቦበርን በመሰሉ መንደሮች የኖሩ አዛውንት ያስታውሱታል። አብዛኛው ሕዝብ አሁን እስራኤል ነው ያለው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጉዟል። ዛሬም በየዓመቱ የፋሲካ በግ የሚያርድ ማየት የሚፈልግ ሰው ናብሉስ አጠገብ ገሪዛን ተራራ ላይ ሳምራውያን ዘንድ ይሂድ።

ጥያቄ፦ የአማቴ ቤተሰቦች የፋሲካ በግ አጥንት አይሰበርም፣ መሥዋዕት ነው ብለው ቅልጥም ከለከሉኝ። ምን ይሉኛል?
ከሽምብጥ

መልስ፦ አማት የከለከለውን ቅልጥም ማስፈቀድ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ግን ልሞክር። አጥንቱ እንዳይሰበር የታዘዘው ለዘፀአት 12ቱ በግ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 19 ይህን ቃል የጠቀሰው ጭፍሮች የጌታን ጭን እንዳልሰበሩ ሲናገር ነው፤ ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷል የሚለውም ጳውሎስ ነው። መሥዋዕታችን ቅዳሴው ላይ ነው፤ ከቤተ ልሔም የሚመጣ የስንዴ ኅብስትና የዘቢብ ወይን። ቤትህ የታረደው በግ ከ55 ቀን ጾም በኋላ የሚበላ ምግብ ነው፤ በስመ አብ የተባለበትም ምግብ ስለሆነ ነው። ስበረው። ሲሰበር ግን በመጥረቢያው ጀርባ ይሁን፤ በስለቱ ከመታኸው ስብርባሪው መቅኔው ውስጥ ይገባና ጥርስህን ይፈልጋል።